ወገብ ላይ ያለው ሽጉጥ የትኛው በር ላይ ይቀራል?

ባለፈው ሳምንት አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ አራት ሽጉጥ ደርድሮ ያወዳድራል። ማካሮቭ፣ ግሎክ 19፣ ሲግ ፒ 365 እና ኢኮል የሚባለው የቱርክ ሽጉጥ ናቸው። የትኛው ቀጭን ነው፣ የትኛው ኮት ስር አይታወቅም፣ የትኛው ስንት ጥይት ይይዛል ይላል። እስከዚህ ድረስ የመሣሪያ ወሬ ነው። የሚወድ ይስማው። እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ላይ ያለው ምክር ነው። «ቤተሰብና ሥራ ያለው ሰው ዛሬ መሀል አዲስ አበባ ላይ ወገቡ ላይ አንድ ትንሽ ሽጉጥ ሳይዝ መውጣት የለበትም» ይላል። ከስር ያለው አስተያየት ደግሞ «ዋጋው ስንት ነው?» እና «የት ይገኛል?» በሚል ተሞልቷል።

ሰውየው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፈቃድ የሚለውን ቃል ከአፉ አላወጣም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ሕግ እንዳለ የሰማም አይመስልም። እሱን ለሕግ ሰዎች ልተወውና ወደ ራሱ ክርክር ልግባ።

ያደግኩት ለገሃር አካባቢ ነው። ማጅራት መቺንም፣ ከታክሲ መስኮት ስልክ ነጥቆ የሚሮጠውንም አውቃለሁ። አምሽቶ ወደ ቤት የሚገባ ሰው ልቡ እንደሚመታ አውቃለሁ። ፍርሃቱ እውነት ነው። ይህን እሰጠዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምሰጠው ነገር የለኝም።

በቪዲዮው ውስጥ ከተባሉት ሁሉ የባሰው ይህ ነው፦ «ትንሽ ሽጉጥ ስለሆነ አያስፈራም፤ ለሴትም ለሽማግሌም ይሆናል።» ይህን የሚል ሰው ወይ ተኩሶ አያውቅም፣ ወይ የሚያውቀውን ደብቆናል። ግሎክ 19 እና ፒ 365 የሚተኩሱት አንድ ዓይነት ጥይት ነው፣ 9 በ19 ሚሊሜትር የሚባለውን። ኤምፒ 5 የተባለው የፖሊስ ጠመንጃ የሚተኩሰውም ይህንኑ ነው። ሽጉጡ ስላነሰ ጥይቱ አያንስም።

የሚያንሰው ሌላ ነገር ነው። የግሎክ 19 በርሜል፣ ጥይቱ የሚወጣበት ቱቦ፣ 102 ሚሊሜትር ነው። የፒ 365 ደግሞ 79 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በርሜሉ ሲያጥር የፊቱና የኋላው ማነጣጠሪያ ይቀራረባሉ። ያኔ ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ዒላማው ጋ ሲደርስ ትልቅ ስህተት ይሆናል። እጀታው ሲያጥር ትንሿ ጣት የምትይዘው ታጣለች። ሽጉጡ ሲቀል ርግጫው ይብሳል። ፒ 365 ባዶውን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ማካሮቭ 730 ግራም ነው። በትንሽ ሽጉጥ አነጣጥሮ መምታት በትልቁ ከመምታት ይከብዳል። ይህን መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይነግራችኋል። ከአራቱ ለጀማሪ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን አንስቶ «ለሽማግሌ ይሆናል» ማለት ምክር አይደለም፣ ግፍ ነው።

ኢኮሉማ ሌላ ጉድ ነው። ብዙ ሰው ሽጉጥ ብሎ የሚያውቀው ይህ መሣሪያ ከፋብሪካው ሲወጣ የተሠራው ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ ነው። በርሜሉ ተለውጦ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ሲደረግ ብረቱ ለዚያ ግፊት አልተዘጋጀም። ቢፈነዳ የሚፈነዳው የያዘው ሰው እጅ ውስጥ ነው። ሰውየው ግን «ዋጋው ይመቻል» ብሎ አለፈው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሰውየው አንድም ጊዜ ያላነሳው ነገር አለ። ፍተሻ። መሀል አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ፍተሻን እንዴት ይረሳል?

እስቲ አብረን እንራመድ። ጠዋት ነው፣ ከለገሃር ተነሳን። ሽጉጥ ታጥቀናል፣ ፈቃድም አለን እንበል። መጀመሪያ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባንክ እንገባለን። ጥበቃው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀናል። ወገባችንን ዳሰሰና ቆመ። ወይ ሽጉጡን እናስረክባለን፣ ወይ ተመልሰን እንወጣለን። ጉዳያችንን ጨርሰን ስንወጣ ተቀበልነው። መንገደኛ እያየን ወገባችን ውስጥ መልሰን ሻጥ አደረግነው። ፖስታ ቤት ጎራ አልን፤ ፍተሻ። ቸርችልን ሽቅብ ይዘን ጥቁር አንበሳ ደረስን። የተኛ ዘመድ አለን፣ ምግብ ይዘንለታል። እዚያም ፍተሻ። ፒያሳ ወጣን። የአድዋ ድል መታሰቢያን ለልጆቹ ልናሳይ ነው፤ ፍተሻ። ከዚያ ጊዮርጊስን እንሳለም ብንልስ? ጫማ ወልቆ የሚገባበት ቤት ነው። ሽጉጥ ታጥቆ የሚገባ ማን ነው?

ቁጠሩት። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መንገድ አምስት በር። አምስት ጊዜ ማውጣት፣ አምስት ጊዜ መመለስ። አሥር ጊዜ ያ መሣሪያ ሰው መሀል እጃችን ላይ ወጣ። አሥር ጊዜ! «ድብቅ» የተባለው ነገር የመጀመሪያው በር ላይ አበቃ። ባንኩ ጋ የቆመው ጥበቃ አየ፣ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው አየ፣ በር ላይ ሶፍት የሚሸጠው ልጅ አየ። ከአሁን በኋላ ከእነሱ አንዱ ማታ ለማን ምን እንደሚያወራ አናውቅም።

ታክሲውንም አንርሳው። ኋላ ወንበር ላይ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ተብለን አራት ሆነን ተቀምጠን፣ የጎረቤታችን ክርን የማይደርስበት ወገብ የለም።

«መኪናህ ውስጥ ትተኸው ግባ» የሚል ይኖራል። ስፖኪዮ በጠራራ ፀሐይ ተፈትቶ በሚሄድበት ከተማ ሽጉጥ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጥ? ያ ሽጉጥ ማታ የማን እጅ ላይ እንደሚያድር ሳስበው ይዘገንነኛል። በዓል ሲደርስ ደግሞ ፍተሻው ይብሳል። ለመስቀልም ለጥምቀትም በየመንገዱ ተፈትሸን ነው የምናልፈው። ከተማው ራሱ በየበሩ «እዚህ መሣሪያ አይገባም» እያለ፣ ሰውየው ወገባችሁን አስታጥቁ ይለናል።

ይህን የምለው በወሬ አይደለም። አጎቴ ነጋዴ ነበሩ። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ነበራቸው። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ መጠጥ አይቀምሱም። በ2009 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ለሰርግ ስታዲየም አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ሄድን። ጥበቃው ወጣት ልጅ ነው። «አባባ፣ ይቅርታ፣ መሣሪያ ይዘዋል?» አላቸው። «አዎ ልጄ» ብለው አወጡ። ካርታውን፣ የጥይት መያዣውን፣ ነቅለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ልጁ ግን ፈራ፣ እጁን ሰብስቦ ቆመ። «አትፍራ፣ ባዶ ነው፣ ላሳይህ» አሉት። አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዞሩና ምላጩን ሳቡ።

ጮኸ። የሆቴሉ መግቢያ ንጣፉ ሴራሚክ ነበር። ጥይቱ ወለሉን በትኖ ስብርባሪው የልጁን ቅልጥም ቆረጠው። ሙሽሮቹ ገና ከመኪና እየወረዱ ነበር። እናቶች መሬት ላይ ወደቁ። ሰርጉ ለቅሶ መሰለ።

የሆነው ይህ ነው። ማካሮቭ ካርታው ተነቅሎም ይተኩሳል። በርሜሉ ውስጥ የጎረሰች አንድ ጥይት ካለች እሷ እዚያው ናት። እሷን ለማውጣት ማቀባበል፣ ማለትም የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ መሳብ፣ ያስፈልጋል። ማካሮቭ ደግሞ ሴፍቲው፣ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው፣ ተዘግቶ አይቀባበልም። ስለዚህ ባዶ ለማድረግ መጀመሪያ ሴፍቲውን መክፈት ግድ ነው። እንግዲህ ሽጉጡ ለመተኮስ በጣም ዝግጁ የሚሆነው ልታስረክቡት ስትዘጋጁ ነው። አጎቴ ሴፍቲውን ከፍተዋል፣ ማቀባበሉን ረስተዋል። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የዘለሉት። ሃያ ዓመት የያዙትን መሣሪያ።

ግሎክም ከዚህ አያድንም። ግሎክ በጣት የሚከፈትና የሚዘጋ ሴፍቲ የለውም፣ መከላከያው ያለው ምላጩና ውስጡ ላይ ነው። ለመፍታትና ለማጽዳት ምላጩን መሳብ ያስፈልጋል። በርሜሉን ሳያዩ ሳብ ያደረጉ ሰዎች እግራቸውንም ግድግዳቸውንም መትተዋል። ታዲያ ሰውየው ያወዳደረው ምንድን ነው? ስምንት ጥይት፣ አሥር ጥይት፣ አሥራ አምስት ጥይት። መወዳደር የነበረበት በየበሩ ስታወጡት የትኛው እንደሚምራችሁ ነበር። አንዱም አይምርም።

እሺ፣ አንድም በር ሳንገባ ስንሄድ ሌባው መጣ እንበል። ያኔስ? በእኛ ከተማ ዘራፊ ፊት ለፊት ቆሞ «እጅ ወደ ላይ» አይልም። ማጅራት መቺ የሚመጣው ከኋላ ነው፣ ስሙም ያንኑ ይናገራል። ሀንግ የሚያደርግ ሰው ክንዱን አንገታችሁ ላይ ሲጠመጥም እጃችሁ የሚሄደው ወደ አንገታችሁ እንጂ ወደ ወገባችሁ አይደለም። ጓደኛው ኪሳችሁን ይበረብራል። ስልኩን ሊወስድ መጥቶ ሽጉጥ አገኘ። አስታጠቃችሁት ማለት ነው።

ፊት ለፊት ቢመጣ እንኳ ጊዜው አይበቃም። ዴኒስ ቱለር የሚባል የሶልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ አሠልጣኝ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ጽፏል። ስለት የያዘ ሰው 21 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ፣ በአንድ ሰከንድ ተኩል ሮጦ ይደርሳል። የሠለጠነ ፖሊስም ከግልጽ አፎት ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ የሚፈጅበት ያንኑ ያህል ነው። ያ ፖሊስ ነው፣ ሽጉጡም ከጎኑ በግልጽ ተሰቅሏል፣ ጥቃቱንም ይጠብቃል። የእኛ ሰው ደግሞ ኮቱን ይገልጣል፣ ሹራቡን ይሰበስባል፣ ትንሿን እጀታ በሁለት ጣት ይፈልጋል። ስድስት ሜትር? የመርካቶ መንገድ ላይ በማናችንም መካከል ስድስት ሜትር ኖሮ ያውቃል? የሳተችው ጥይትስ የት ትሄዳለች? ከኋላ ያለችው በቆሎ የምትጠብስ እናት ናት። ታክሲ የሚጠብቅ ተማሪ ነው።

ስልኩን ነጥቆ ሲሮጥ ከኋላ ልተኩስበት የሚል ካለ ደግሞ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 78 ያንብብ። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ሳይቻል ሲቀርና ምላሹ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። ስልክና ነፍስ አይመጣጠኑም። ሌባውም የእናት ልጅ ነው።

ሰውየው «አሜሪካኖች ሁሉም ይዘው ነው የሚሄዱት» ብሎ ምስክር ጠርቷል። የጠራው ምስክር በራሱ ላይ ይመሰክርበታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 በጥይት የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው፣ 26,328ቱ፣ ራሱን ያጠፋ ነው። በከፋው ቀን እጁ የደረሰበት ነገር ሽጉጥ ሆኖበት ነው። እኛ ቤት የከፋው ሰው የለም? በየቤቱ ስንቱ ወጣት በጭንቀት እንደሚያድር አናውቅም?

ነጋዴው ጥሬ ብር ይዞ ማምሸቱ ካሳሰበው መፍትሔው እጁ ላይ አለ። ቴሌብር ከ2013 ጀምሮ አለ። ሒሳቡን ሱቁ ውስጥ ሆኖ ያስተላልፍ፣ ባዶ ኪሱን ይሂድ። ካመሸ ሰው ይጥራ፣ አብሮ ይሂድ። ይህን ስል «ፈሪ» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይበለኝ። የዚያን ልጅ ቅልጥም በነጠላ ያሰርኩት እኔ ነኝ።

አጎቴ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ሽጉጡን መልሰው አልታጠቁም። ልጁን አሳክመዋል፣ ካሳ ከፍለዋል፣ ጣቢያ ተመላልሰዋል። እስከ ዛሬ ድረስ ሰርግ ሲጠሩ በር ላይ ይቆማሉ፣ ጥበቃው ወገባቸውን እስኪዳስስ ድረስ እጃቸውን ሰቅለው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ቪዲዮውን የሠራህ ሰው፣ ቀጣዩን ክፍል ጠረጴዛ ላይ አትሥራው። ከአራቱ የወደድከውን ታጠቅና ጥቁር አንበሳ በር ላይ ሂድ። ሰዉ ምሳ ዕቃ ይዞ በተሰለፈበት ሰዓት። ጥበቃው ወገብህን ዳስሶ ሲቆም ምን እንደምትለው፣ ከኋላህ የቆመችው እናት እያየችህ መሣሪያውን እንዴት እንደምታወጣው፣ አፈሙዙን ወደ ማን እንደምታዞረው ያኔ አሳየን።