ለተከበሩ የፖላንድ እሑድ፦ ሽንኩርትን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ጤናዎን አልጠይቅም። እርስዎ መቼም እንዳረፉ ነዎት።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ቅዳሜ ዋርሶን በእግር መዞር፣ እሑድ ቤት ቁጭ ብሎ ዶሮ መሥራት። እርስዎ ገና ሳይደርሱ ቅዳሜዬን ቀሙኝ። ነገ እሑድ ሱቅ በሕግ ዝግ ነው ተብሎ ከተማው በሙሉ ጋሪ እየገፋ ሱፐርማርኬት ወጥቷል። ከፊቴ የቆመው ሰውዬ ዳቦውን ሲከምር ላየው ክረምቱን ዋሻ ሊገባ ነው የሚመስለው። ቪስቱላ ወንዝ ዳር ልንሸራሸርበት የነበረውን ሰዓት ሒሳብ መክፈያው ጋ ቆሜ ጨረስኩት።

ሕጋዊ መሆንዎን አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2018 ሲመጡ ትሑት ነበሩ፤ በወር ሁለት እሑድ ሱቅ ያስከፍቱ ነበር። በ2019 አንድ አደረጉት። አሁን በዓመት ስምንት ብቻ! ገንዘብ ተቀባይዋ ከልጆቿ ጋር ትዋል፣ እሰየው። እኔም እናቴ በሰንበት ልብስ ሳታጥብ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። ግን የሰፈራችን ባለሱቅ በሰንበትም በመስኮት ሽንኩርት ያቀብል ነበር፤ ለዚህ ብሎ የገዘተው ቄስ አልነበረም።

ያልገባኝ ምርጫዎ ነው። አበባ ይሸጣል። ኬክ ይሸጣል። ቤንዚን ይሸጣል። ሽንኩርት ሲሆን ሰንበት ተሻረ!

በበጋ እሑዶች ዋዜንኪ መናፈሻ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሾፓን ሐውልት ሥር፣ ከ1959 ጀምሮ በነጻ ፒያኖ ይደመጣል። ሄድኩ፣ ሣር ላይ ተጋደምኩ፣ ደስ አለኝ። ፒያኒስቱ በእሑድ ላቡን ጠብ ሲያደርግ ግን ማንም ምንም አላለውም። (የመናፈሻው ፒኮኮችም ቢሆኑ ሥራ ላይ ናቸው፤ ምግብ የያዘ ሰው ካዩ አይለቁም።)

ቤት ስገባ ከሽንኩርቱ ግማሹ በስብሷል። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ደግሞ በፍሬ አይለመንም፣ በኪሎ ነው። ባለቤቱ ራሱ ከቆመ መሸጥ የሚፈቀድለት ትንሽ ሱቅ ጥግ ላይ አለ። ባለቤቱ የለም። ነዳጅ ማደያ ሮጥኩ። ሽንኩርት አለ፤ ተጠብሶ፣ ደርቆ፣ ሆት ዶግ ላይ ተነስንሶ። በዚህ ቁሌት ላቁላላ ክቡርነትዎ?

ሰው እርስዎን ለማምለጥ ያልሞከረው የለም። ፖስታ ቤት እሑድ መክፈት ስለሚፈቀድለት ስንቱ ሱቅ እሽግ ተቀብሎ «ፖስታ ቤት ነኝ» ብሎ ከፈተ። በ2022 ያንንም ዘጉት። ቺየሺን ከተማ አንድ ሱፐርማርኬት «የንባብ ክበብ ነኝ» ማለቱን ስሰማ ባርኔጣዬን አነሳሁ። እንዲያ ያለ ክበብ ሰፈሬ ቢኖር አባል ለመሆን ዛሬውኑ እመዘገብ ነበር።

በመጨረሻ የታችኛዋን ጎረቤቴን አንኳኳሁ። ሽንኩርት ሰጡኝ፣ ራሳቸው በጨው ያቆዩትን ኪያር ጨመሩልኝ፣ «ቅዳሜ ምን ስትሠራ ነበር?» ብለው ተቆጡኝ። ወረፋ ላይ ነበርኩ አልኳቸው። ወጡ ማታ ደረሰ። በአይባችን ፈንታ ትቫሩግ የሚሉትን የፖላንድ አይብ አቀረብኩ፤ ፖላንዶች በዚህስ አይታሙም።

ስለዚህ ሽንኩርት ከአበባ ተርታ እንዲመደብልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ሲተዉት ያብባል እኮ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቅዳሜ (ለካሳ ጥያቄ)
ለነዳጅ ማደያው (ለመረጃ ያህል)