ሦስት ግሩፕ ላይ ያያችሁት ወሬ ሦስት ምስክር የለውም

የአራት ኪሎ፣ የፒያሳ፣ የለገሃር ወገኖቼ፣ ጣታችሁን ሰብስቡ!

"ነገ ነዳጅ ይጠፋል" የሚል መልእክት በመሥሪያ ቤቱም፣ በእድሩም፣ በኮንዶሚኒየሙም ግሩፕ ሲመጣ "አገር ያወራው ነው" ብላችሁ ታምናላችሁ። ሦስቱም ከአንድ ቻናል የተቀዱ ከሆኑስ? ጎረቤታሞች ብቻ የሚያወሩት ወሬ እዚያው ሰፈር ይቀራል። ከተማ የሚያዳርሰው በማይተዋወቁ ግሩፖች መካከል የተቀመጠ አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። የእድር ጥሩምባ ነፊ እንኳ ማን እንደሞተ ሳያረጋግጥ አይነፋም።

ከዚያ ሜክሲኮ አደባባይ ያለው ባለታክሲ ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ሳለ ማደያ ይሰለፋል። ሰልፉ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው "ይኸው!" ተብሎ ይለጠፋል፣ ሌላው ደግሞ እሱን አይቶ ይሰለፋል። ለቀናት ይበቃ የነበረው ነዳጅ እስከ ማታ ያልቃል። ነዳጁን ያጠፋው ወሬው ነው።

ቴሌግራም ላይ ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት አናቱ ላይ የመነሻውን ስም ይዟል፤ እሱን ነክታችሁ ግቡ፣ መቼ እንደተለጠፈ እዩ። ዓምና የተጻፈ "ነገ" ዛሬም ነገ ተብሎ ይነበባልና። ስም ከሌለው ኮፒ የተደረገ ሊሆን ስለሚችል ላኪውን "ከየት አመጣኸው?" በሉት። ከዓይኗ ምልክት አጠገብ ያለው ቁጥር አያስደንቃችሁ፤ የቻናል መልእክት ፎርዋርድ በተደረገበት ሁሉ የታየው አንድ ላይ ተደምሮ ነው፣ ያረጋገጠ ሰው ቁጥር አይደለም። ፎቶ ከሆነ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ በጎግል ሌንስ (በፎቶ መፈለጊያው) ፈልጉት።

ኤምአይቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 ዓ.ም. ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ ትዊተር ላይ እውነተኛ ዜና 1,500 ሰው ለመድረስ ከሐሰተኛው ስድስት እጥፍ ያህል ጊዜ እንደወሰደበት አሳይቷል። ሐሰቱን ያስቀደሙት ሮቦቶች (በራሳቸው የሚለጥፉ ፕሮግራሞች) አልነበሩም፤ እንደ እኛ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያላችሁ ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቅጣቱን እንደሚያከብድባችሁ አትዘንጉ።

ሐሰት ልካችሁ ከሆነ በዝምታ አጥፍታችሁ አትለፉ። እናንተ ብታጠፉትም ሌላው ያስተላለፈው ቅጂ አይጠፋም። በላካችሁበት ግሩፕ ሁሉ፣ በዚያው መልእክት ላይ ሪፕላይ አድርጋችሁ "ይህ ስህተት ነው" ብላችሁ ጻፉ፤ ከእናንተ ወስዶ ያስተላለፈውን የምታውቁት ከሆነ ደውሉለት፣ እሱም በላከበት ያርም።