የታጋዮቻችንን ወረቀት ለቆራሌው አትስጡ

እንግሊዛዊቷን ሲልቪያ ፓንክረስትን ብዙዎቻችን የምናውቃት ጣልያን ሲወረን ለኛ በመጮኋ ነው፣ መቃብሯም እዚሁ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ጣልያን አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 የጀመረችውን "ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ" የሚባል ጋዜጣ 20 ዓመት አሳትማለች። ግን ከዛ በፊትም ሴቶች ይምረጡ ብላ ስንቴ ታስራለች፣ ምግብ አልበላም ስትል በጎማ ቱቦ በግድ አብልተዋታል፣ አንደኛውን የዓለም ጦርነት በመቃወሟ ከገዛ እናቷ ጋር ተቆራርጣለች፣ ኮሚኒስት ሆና ከሌኒን ጋር የተከራከረችው ሴት በኋላ ደግሞ የጃንሆይ ወዳጅ ሆነች። ይሄ ሁሉ የሚጋጭ ነገር ሳይለሰልስ ሊጠና የቻለው ደብዳቤዋና ረቂቋ ስለተቀመጠ ነው፣ አምስተርዳም ያለው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ታሪክ ተቋም በስሟ ስብስብ አለው።

የኛዎቹስ? በ1957 "መሬት ላራሹ" ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ወረቀት የት ነው ያለው? ብዙው በቀይ ሽብር አልቋል፣ አሰሳ መጣ ሲባል እናቶች ምድጃ ውስጥ ከተቱት፣ ሽንት ቤት ጣሉት፣ ማንም አይፈርድባቸውም ምክንያቱም አንዲት በራሪ ወረቀት ልጅ ታስገድል ነበር። የተረፈን ከብዙ ዓመት በኋላ የተጻፈ ትዝታ ነው፣ የተቀናቃኞቹ ፓርቲዎች ሰዎች፣ የኢሕአፓው አንድ ይላል የመኢሶኑ ሌላ ይላል፣ እኛም እንደየወገናችን እናምናለን። የዛን ቀን ማታ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ማን በኋላ እንደሚያሸንፍ አያውቅም፣ ለኔ ዋጋው እሱ ነው።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝ የተረፈችው ጥቂቷ ነገር ናት። ያ ትውልድ እያረጀ ነው፣ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ሰውየው ሲያርፍ ልጆቹ ቤት ለመልቀቅ ይቸኩላሉ፣ ካርቶኑ ወይ ይጣላል ወይ ለሱቅ መጠቅለያ በኪሎ ይሸጣል። እባካችሁ አታድርጉት! ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) አለ፣ ወስዳችሁ አነጋግሯቸው፣ በሕይወት ያለ ሰው የሚጎዳ ነገር ካለበት ለተወሰነ ዓመት ዝግ ይሁን ብላችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ያሳፍራል ብላችሁ ደብዳቤ አትምረጡ፣ ቅደም ተከተሉንም አትበትኑ። ባለቤቶቹ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ማን ለማን እንደጻፈው፣ "ጓድ ሀ" የተባለው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ እነሱ ካለፉ በኋላ ያንን የሚነግረን የለም።