ባቡር የማይቆምባት ጣቢያ

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ከዋሽንግተን ጋር ድንበር የምትጋራ የሜሪላንድ ከተማ ናት፤ እንጀራውም፣ ጸጉር ቤቱም፣ ግብር የሚሞላልን ሰውም በአማርኛ ይገኝባታል። በጆርጂያ ጎዳና ስመላለስ ከሀዲዱ ዳር የተቀመጠችውን ትንሽ የጡብ ቤት የጥርስ ሐኪም ቤት አድርጌ ነበር የማስባት። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ በሯ ተከፍቶ አየሁና ዘው አልኩ። የባቡር ጣቢያ ኖራለች።

ውስጧ ከቀበሌ አዳራሽ አይሰፋም። የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ የቲኬት መሸጫው መስኮት እንደነበረ ነው። ጥግ ላይ አንድ ነጭ ጸጉር ያላቸው ጡረተኛ ተቀምጠዋል። ደመወዝ የላቸውም፤ በጎ ፈቃደኛ ናቸው። ሰው በመግባቱ ደስ ብሏቸው ተነሱ።

ታሪኩን ከምንጩ ጀመሩልኝ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የሚባል የጋዜጣ ሰው በ1840 እዚህ አካባቢ አሸዋው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ምንጭ አገኘ፤ የከተማዋ ስም ከዚያ መጣ። በ1873 የባልቲሞርና ኦሃዮ ምድር ባቡር መስመሩን ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲዘረጋ፣ እርሻ የነበረው መሬት ጠዋት ዋና ከተማ ውለው ማታ የሚመለሱ ሠራተኞች መኖሪያ ወደ መሆን ተጓዘ። የመጀመሪያው ጣቢያ በ1878 ተሠራ። እሱ ፈርሶ በመሠረቱ ላይ ይህች የአሁኗ በ1945 ቆመች። ከዚያ በ1978 ሜትሮ የሚባለው የከተማ ባቡር በቅርብ ርቀት ጣቢያ ከፈተ፤ በ2002 ደግሞ የሠራተኛ ማመላለሻው ባቡር ማቆሚያውን ወደ ሜትሮው አጠገብ አዛወረ። ከዚያ ወዲህ ባቡሮቹ በጣቢያዋ ደጃፍ ያልፋሉ እንጂ አይቆሙም።

አንድ ነገር ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የካቲት 1996፣ በረዶ በሚጥልበት ምሽት፣ ወደ ዋሽንግተን የሚመጣ የሠራተኞች ባቡር ወደ ቺካጎ ከሚሄደው ጋር እዚሁ አቅራቢያ ተጋጨ። 11 ሰው ሞተ፤ ስምንቱ የሙያ ሥልጠና ላይ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ።

ያገሬ ሰው ይህን ሲሰማ «ፈረንጅ እኮ ቅርስ ያውቃል» ማለቱ አይቀርም። እኔ አልስማማም። የ1878ቱን ጣቢያ ያፈረሱትም እነሱ ናቸው። ይህችን ያዳነቻት አንዲት የአካባቢው ቅርስ ጠባቂ ማኅበር ናት፤ ባለቤቷም እሷው ናት። ደግሞስ እዚያው ከተማ የአውቶቡስና የባቡር መገናኛ እንሠራለን ብለው፣ በ2011 ይከፈታል የተባለው ኮንክሪቱ ተሰነጣጥቆ ስንት ከተጨቃጨቁበት በኋላ በመስከረም 2015 አይደለም እንዴ የተከፈተው! በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ የእኛው ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ያኔ እዚህ ስንቶቻችን ደረታችንን ነፋን። በኋላ መለዋወጫ ጠፍቶ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ሲቆሙ ግን ወሬውን ያነሳ ሰው አላገኘሁም።

እኔ የአቃቂ ልጅ ነኝ። አቃቂም እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከዋና ከተማው ወጣ ብላ ሀዲድ ዳር ያደገች ናት። በ1897 ከጅቡቲ የተነሳው መስመር በ1902 ድሬዳዋን ቆርቁሮ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ በእኛ ደጅ ነው ያለፈው። እናቴ ሰዓት ስላልነበራት ሽሮዋን የምትጥደው የባቡሩን ጩኸት ሰምታ ነበር፤ ባቡሩ የዘገየ ቀን ምሳችንም ይዘገያል። አሁን አሮጌው ባቡር የለም። አዲሱ መንገደኛውን የሚጭነው ፉሪ ለቡ ነው፤ እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ ታክሲ መሻማት አለ።

ግን አንድ ነገር ገረመኝ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ጣቢያ ተጠርጋ፣ ተቀብታ፣ ወንበሯ ሳይቀር እንደነበረ ተጠብቆ፣ ጎረቤቷ እኔ አሥራ አንድ ዓመት አላወቅኋትም። አዲስ አበባ ላይ መንገደኛ ባቡር ከጣቢያው ከጠፋ ዓመታት አልፈው፣ ዙሪያው በአዲስ ግንባታ ተከብቦ እንኳን፣ ወያላው ዛሬም «ለገሀር! ለገሀር!» ይላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ መምጣቱን የማያውቅ ልጅ ጭምር ወራጅ አለ የሚለው እዚያ ነው። የትኛው ጣቢያ ነው በሕይወት ያለው? እኔ እንጃ። ሁለቱንም ብንይዝ ምን ነበረበት።

ሽማግሌው ይህን ሁሉ ስነግራቸው ከመሳቢያ አንዲት የተዳመጠች ሳንቲም አወጡ። ልጅ ሆነው ሀዲዱ ላይ አስቀምጠው ባቡር ያስዳመጧት ናት። እኛ ሳንቲም ዳቦ መግዣ ስለሆነች በቆርኪ ነበር የምናደርገው አልኳቸው፤ ባቡሩ ዳምጦ ከጣለው በኋላ ሁለት ቦታ በስተን፣ ክር አስገብተን እናሽከረክረው ነበር። በእጃቸው እያሳዩኝ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ክሩ እንዴት እንደሚታሰር ጭምር።

ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ሁለታችንም ወደ መስኮቱ ዞርን። ረጅም የጭነት ባቡር ነበር። ሳንነጋገር ፉርጎዎቹን መቁጠር ጀመርን።

እሳቸው መቶ አሥራ ሁለት አሉ። እኔ መቶ አሥር ነበር የቆጠርኩት።