1050 ቲአይ ነኝ ላሉት ግራፊክስ ካርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.
ደሴ

ጉዳዩ፦ ዕድሜዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከ11,500 ብሬ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

አንቱ የምልዎ ለሽሙጥ አይደለም። ለዕድሜዎ ነው። የኮምፒውተርን ሥዕል የሚሥሉ ካርድ ነዎት። ካርቶንዎ ላይ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ» ተጽፏል። እውነተኛው 1050 ቲአይ ለገበያ የወጣው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2009 ነው። የእርስዎ ሆድ ሲታይ ግን ቺፑ፣ ማለትም አንጎልዎ፣ ጂኤፍ116 ሆኖ ተገኘ። የድሮው ካርድ፣ የ550 ቲአይ፣ ቺፕ ማለት ነው። እሱ የወጣው መጋቢት 2003። አምስት ዓመት ከመንፈቅ አስቀንሰዋል። ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ የሁለት ልጆች አባት ሲሰለፍ እያየን ያደግን ሰዎች ነንና ዕድሜ ማስቀነስ አይገርመንም። እነሱ ግን ቢያንስ ይሮጣሉ።

የተዋወቅነው ቴሌግራም ላይ ነው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ከሚሉት ዘንድ። (ዋጋው ምን አድርጎ ነው ከሕዝብ የሚደበቀው?) ብር ቀድሞ ገባ። ዓርብ ማታ መናኸሪያ ሄጄ በዚያ ብርድ ሁለት ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁዎ። አውቶቡሱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ሲደርስ ረዳቱ ካርቶንዎን በአንድ እጁ ወርውሮ ሰጠኝ። ልቤ ቀጥ አለች። ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ እስከ ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ድረስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌ ወሰድሁዎ።

ቅዳሜ ምረቃዎ ነበር። ባለቤቴ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻ ተበተነ። አከራያችን መጡ። ከተማሪዎቼ አምስት ስድስት የሚሆኑ ልጆች ወሬ ሰምተው መጡ። የአይቲ መምህር ነኝ። በሰፈሩ ኮምፒውተር የሚገዛ ሁሉ መጀመሪያ እኔን ነው የሚያማክረው። «ራም ስትገዙ ከአንድ ባለ ስምንት ጊጋ ሁለት ባለ አራት ይሻላል፤ በሁለት በኩል ስለሚሠራ ይፈጥናል» እያልሁ ስንቱን አስተምሬያለሁ። እውነትም ነው። ኮምፒውተሩንም ራሴ ነኝ የመረጥሁት። ዩዝድ የቢሮ ዴስክቶፕ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5፣ 3470፣ አራት ኮር። ያረጀ ግን ጨዋ ነው። የጎደለው እርስዎ ብቻ ነበሩ።

ከኋላዎ ዞሬ ሳይ ያቺ ሰማያዊ የድሮ ሞኒተር መሰኪያ፣ ቪጂኤ፣ አለች። ደስታዬን አልችልም። ሞኒተሬ ከቪጂኤ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ለባለቤቴ «አየሽ? መቀየሪያ መግዛት ቀረልን» አልኋት። ይቺን ዓረፍተ ነገር ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ አስባታለሁ።

ነጋዴው «ድራይቨር ከኢንተርኔት እንዳታወርድ፤ አብሮት ያለውን ሲዲ ተጠቀም» ብሎኝ ነበር። ድራይቨር ካርዱን ከኮምፒውተሩ የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። ሲዲ! በ2018! የሲዲ ማጫወቻ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ፍለጋ ፒያሳን ሁለት ጊዜ ዞርሁ። ለምን እንዳለኝ አሁን ገብቶኛል። የቺፕዎ ሠሪ ኤንቪዲያ ለእርስዎ ትውልድ አዲስ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው በ2010 ነው። ጡረታ ወጥተዋል። አዲሱን ብጭንብዎ ያኔውኑ ይጋለጡ ነበር።

ጨዋታው ተከፈተ። ጂቲኤ 5። መኪናዋ ሄደች፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እኔ ቡናዬን እንደ ባለሀብት ፉት አልሁ። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ሰማዩ ሐምራዊ ሆነ። አስፋልቱ ላይ አረንጓዴ ካሬዎች መፍሰስ ጀመሩ። የሾፌሩ ግማሽ ፊት ጠፋ። አከራያችን «አዑዙቢላህ! ሰውየው ፊቱ የት ሄደ?» አሉ። ከዚያ ሁሉም ነገር ደረቀ። ድምፁ ብቻ «ድድድድድ» እያለ ቀረ።

መጀመሪያ «ኤሌክትሪኩ ቀንሶ ነው» አልሁ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል። ቀጥዬ «ሙቀት ነው፣ ይሄ ካርድ ኃይለኛ ስለሆነ ይሞቃል» አልሁ። በታኅሣሥ፣ በደሴ፣ ጋቢ የደረቡ ሰዎች ፊት።

ያኔ ነው ጥግ ላይ ሆኖ ፈንዲሻ ሲዘግን የነበረው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን ያወጣው። ቤቴ ውስጥ! እጁን አወጣ!

«ቲቸር፣ ይቅርታ። 1050 ቪጂኤ የለውም እኮ።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የቡናው ረከቦት እንኳን ሰምቶ ዝም ያለ መሰለኝ። ልጁ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ከዚያ ትውልድ ጀምሮ ኤንቪዲያ አናሎግ መውጫ ትቶታል ብሎ በትሕትና አስረዳኝ። ቪጂኤ ምን እንደሆነ፣ አሥራ አምስት ፒን እንዳለው፣ አናሎግ እንደሆነ፣ ጥቅምት ላይ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። እሱ አግኝቶታል። መምህሩ ነው የሳተው።

ልጁ ፍላሹን ከኪሱ አወጣ። ጂፒዩ-ዚ የምትባል፣ የካርድን ማንነት የምታነብ ትንሽ ፕሮግራም አለችው። ከፈትናት። ክቡር ሆይ፣ ከስምዎ ፊት ቅንፍ አለ። ቅንፉ ውስጥ «ፌክ» ይላል። የማዕረግ ስምዎ መሰለኝ፤ ዶክተር፣ ኢንጂነር እንደሚባለው። ኩዳ ኮርዎ፣ ማለትም ሥራ የሚካፈሉት ትንንሽ ሠራተኞችዎ፣ 192 ነው፤ እውነተኛው 768 አለው። ማስታወሻዬ 4 ጊጋ ነው ይላሉ፤ ያለዎት አንድ ነው። አንድ ኩንታል በሚይዝ ጎተራ ላይ አራት ኩንታል ብሎ እንደመጻፍ ነው። ገበሬው ሁለተኛውን ኩንታል ሊያፈስ ሲል እህሉ መሬት ላይ። ጨዋታው የፈረሰው ለዚህ ነው።

ልጁን «ስንት ዓመትህ ነው?» አልሁት። «በ2003 ነው የተወለድሁት ቲቸር» አለ። እኩያዎ ነው።

ማታ ነጋዴው ጋ ደወልሁ። «አብሽር ወንድሜ! ዊንዶውስህን ፎርማት አድርገው።» አደረግሁ። «ራሙን በላጲስ ጥረገው።» ጠረግሁ። «እንግዲያው የደሴ መብራት ነው።» ቪጂኤውን አነሣሁበት። «እኔ ነጋዴ ነኝ እንጂ ፋብሪካ አይደለሁም» አለ። መልስልኝ ስለው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ደረሰኝ እንዳልል፣ ስገዛ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ብሎኝ፣ እኔም እንደማንኛችሁም «ያለ ደረሰኝ ይሁን» ብዬዋለሁ። ጠዋት ቴሌግራም ስከፍት ፎቶው የለም። «ለረጅም ጊዜ አልታየም» ይላል። ማታ ያዋራኝ ሰውዬ።

እሺ፣ አንቱታው ይቅር።

አንተ! 11,500 ብር ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሰባት ወር ቅዳሜና እሁድ የሰው ልጅ ቤት ለቤት አስጠንቼ ያገኘሁት ነው። የባጃጅ እንዳላወጣ ከሆጤ እስከ ሸዋ በር በእግሬ እየሄድሁ። ባለቤቴ «የልጁ ጫማ ቀዳዳ ሆኗል» ስትለኝ «የሚቀጥለው ወር» ያልኋት ብር ነው። ሁለት ጊዜ ነው ያልኋት። አንተ ደግሞ ከሰማይ አልወረድህም፤ ሰው ነው የሠራህ። አንዱ ቁጭ ብሎ ባዮስህን፣ ማንነትህ የተጻፈበትን የውስጥ ፕሮግራም፣ ከፍቶ የሌላ ስም ጻፈብህ። አንዱ ስቲከር አተመልህ። አንዱ አገር አስገባህ። አንዱ «መቶ ፐርሰንት ኦሪጅናል» ብሎ ለጠፈህ፣ «ዶላር ጨምሯል» ብሎም ሁለት ሺህ ጨመረብህ። ሁሉም ያውቃሉ! ሁሉም ምን እንደሆንህ እያወቁ ነው ወደ ሚቀጥለው እጅ ያሳለፉህ። የማያውቀው የመጨረሻው እጅ ብቻ ነው፣ የእኔ።

የእኔን ዲግሪ ስንት ጊዜ አጣርተውታል መሰለህ? ዋናውን ከኮፒው ጋር ይዘህ ቅረብ። ማኅተሙ ደብዝዟል፣ ድጋሚ አሳትም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ቅጹን በሰማያዊ እስክሪብቶ ሙላ። መዝገብ ቤት ተዘግቷል፣ ሰኞ ተመለስ። መማሬን ለማረጋገጥ አራት ወር ፈጅቶብኛል። አንተን ግን አንድ ሰው እንኳን «መታወቂያህን አሳየኝ» ሳይልህ ቤቴ ድረስ መጣህ። ቡና ተፈላልህ!

ይቅርታ፣ ተናደድሁ። ወደ አንቱታችን እንመለስ።

ክቡርነትዎ ብቻዎን አይደሉም፣ በዘመዶችዎም ላይ ትንሽ ቅሬታ አለኝ። ስድስት ፒን ገመድ ይጠይቁ ነበር። እውነተኛው 1050 ቲአይ 75 ዋት ስለሚበቃው አብዛኛውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ብቻ ያድራል። እርስዎ እስከ 116 ዋት ይበላሉ፤ ሽማግሌ ሆነው የወጣት እራት። ለእርስዎ ስል «500 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ በ2,800 ብር ገዛሁ። ሰኞ የፊዚክስ መምህራችን ጎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አነበበልኝ። 12 ቮልት፣ 14 አምፔር። «በቃ አባዛው» አለኝ። 168። ዋናውን ሥራ ለሚሠራው መስመር ያለው ይኼ ብቻ ነው። የቀረውን 332 ዋት አታሚው ይወቀው።

የዲጂታል ገንዘብ ማይኒንግ ላይ ሌትና ቀን ሲነዱ ኖረው «ሴት የያዘችው ነው» ተብለው ለሚሸጡት ካርዶችም ሰላምታዬ ይድረስ። በዩቲዩብ «በ500 ዶላር ብቻ ርካሽ ኮምፒውተር» ለሚለው ፈረንጅም ጭምር። «ብቻ» ያላት ቃል ደሴ ስትደርስ ምን እንደምታክል ቢያይ።

ያው ሰኞ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ ስሜ ተጽፏል። ከስሜ ፊት ቅንፍ፣ ቅንፉ ውስጥ «ፌክ»። ዳስተሩን አንሥቼ አጠፋሁት። ቅንፉ እንኳን እንደ ጂፒዩ-ዚው ማዕዘን ያለው ዓይነት ነበር። በደንብ ነው ያስተማርኋቸው።

ኮምፒውተሩ አሁን ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ኢንቴል ኤችዲ 2500 እየሠራ ነው። ጂቲኤን አይሞክራትም። ካርታ ያጫውታል፣ የፈተና ጥያቄ ያስጽፋል። ስሙን ስጠይቀው ስሙን ይነግረኛል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በዘጠነኛ «ሀ» ክፍል በትምህርት መርጃ መሣሪያነት የተመደቡ መሆኑን አስታውቃለሁ። ደመወዝ የለውም። ሥራዎ ጠረጴዛ ላይ በጀርባዎ ተኝተው ቪጂኤዎን ማሳየት ነው። የሚያስረዳው ያ ልጅ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ማስታወሻ እይዛለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለ«500 ዋት» ፓወር ሰፕላይ፤ የማክሰኞው ክፍለ ጊዜ የአንተ ነው።
ለባለቤቴ፤ ጫማው በዚህ ወር።