ጀሪካኑን በጠጠር አትናጡት

እረ ወገን የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ስለምንጠጣው ውሃ አንድ ነገር ልበላችሁ። ባለፈው ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ሄጄ ልጅቷ ቢጫውን ጀሪካን ልታጥብ ጠጠርና አሸዋ ጨምራበት ኦሞ ነስንሳበት ትንጠው ጀመር፣ ሁላችንም እንደዛ እያጠብን ነው ያደግነው እኔም ጭምር፣ ግን ስትደፋው ቀረብ ብዬ ሳይ ከአረንጓዴው ዝልግልግ ጋር ቢጫ ብናኝ ተንሳፍፎ ይወርዳል። ጠጠሩ ፍቆት የወጣ የጀሪካኑ ገላ ነው! በአይን የሚታየው ይሄን ያህል ከሆነ የማይታየውን አስቡት። ማይክሮ ፕላስቲክ የሚሉት ይሄው ነው፣ ከ5 ሚሊሜትር በታች የሆነ ስባሪ። በ2022 እ.ኤ.አ. ሆላንድ ውስጥ የ22 ሰው ደም መርምረው በ17ቱ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝተዋል።

ለምን ግራዋ አንጠቀምም? እናቶቻችን እንስራና ጋን የሚያጥቡበት ግራዋ እኮ ጓሮ አለ፣ ቀጥፋችሁ ጨምሩና ናጡት አይፍቀውም። ጀሪካኑንም በር ላይ ፀሀይ ላይ አትጣሉት፣ ፀሀይ ሲያደርቀው ይሰነጣጠቅና ይረግፋል።

"እኔ የታሸገ ነው የምጠጣው" የምትሉ ደሞ አትኩራሩ፣ በ2024 አሜሪካ ያለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ሊትር የታሸገ ውሃ ውስጥ በአማካይ 240 ሺህ ገደማ የፕላስቲክ ስባሪ ነው ያገኙት።

መላው ከቤታችን ነው ያለው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ አይደል፣ እሱ ኖራ ነው፣ ውሃ ሲፈላ ኖራው እየረጋ ፕላስቲኩን ጠቅልሎ ይዞት ይቀመጣል። በዛው በ2024 ቻይናዎች ሞክረውት ኖራ የበዛበት ውሃ 5 ደቂቃ ፈልቶ ሲጣራ እስከ 90 ፐርሰንት ወጥቶለታል፣ ኖራ የሌለው ግን 25 ፐርሰንት ገደማ ብቻ፣ የዝናብ ውሃ ደሞ ኖራ የለውም፣ ስለዚህ የጣራ ውሃ የምታጠራቅሙ ብዙ አትጠብቁ። ደብረ ብርሃን ደሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ እና ፈላ ብላችሁ ቶሎ አታውርዱት ትንሽ ጨመር አድርጉ። ከሰል ውድ ነው አውቃለሁ፣ የመጠጡን ብቻ በተለይ የህፃናቱን አፍሉ።

ከዛ ይቀዝቅዝ፣ ይርጋ፣ በእጅ ፈትል ነጠላ አጥልሉት፣ ሰው ሰራሽ ክር ያለበት ጨርቅ ራሱ ይረግፋል። ብቻ በፈጣሪ ይሄን ሁሉ ለፍታችሁ ውሃውን ገና ትኩሱን መልሳችሁ ሃይላንድ ውስጥ አትገልብጡት! እንስራው እህል ተደርጎበት ጓዳ ተቀምጧል እኮ፣ አውጡት።

ከሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የምታመጡም፣ ጠበል አይፈላም እሱን አላልኩም፣ ግን የዘይት ጀሪካን ውስጥ አድርጋችሁ መስኮት ላይ ወራት አታቆዩት፣ ቤት ስትደርሱ ወደ ብርጭቆ ጠርሙስ ገልብጡት።

ማንቆርቆሪያው ታች የቀረችውን አንድ ጣት ውሃ ደሞ "ትባክናለች" ብላችሁ አትጨልጧት፣ ከነነጩ ድፏት፣ ፕላስቲኩ እዛ ነው ያለው።