«አራቱንም እኩል አድርጌልዎታለሁ» እስከ መቼ?

ዛሬ ይህን ሳልጽፍ አላድርም። አዲስ አበባ መሀል ላይ ለጎማ ትክክለኛ ንፋስ ማስሞላት ለምን እንዲህ መከራ ሆነ?

የምነዳው ያረጀ ላንድሮቨር ዲፌንደር 110 ነው። ጎማው 7.50 አር 16 ነው። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ በማያሻማ መንገድ አስቀምጦታል፦ የፊት 28 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ የኋላ 48። ልዩነቱ በስህተት የመጣ አይደለም። ይህች መኪና የተሠራችው ለጭነት ነው። ሰውና ዕቃ ሲሞላባት ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ነው፤ ከነጭነቷ 3 ቶን ትደርሳለች። ባዶዋን ካሳንቺስና ለገሃር ስትመላለስ ግን 48 ይበዛባታል፣ ከኋላ ትዘላለች። ስለዚህ ባዶ ስትሆን የኋላውን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ጭነት ሲኖር ወደ 48 እመልሳለሁ። የፊቱን አልነካውም።

እስቲ ይህን ሜክሲኮ አካባቢ ላለ ጎሚስታ ንገሩት።

«ጋሼ፣ 28 እኮ ለቪትዝም ያንሳል!» ይላል። ስለ መጽሐፉ ባስረዳውም አይሰማኝም። ቱቦውን ይሰካና አራቱንም 40 ያደርጋቸዋል። ከዚያ በኩራት «አራቱንም እኩል አድርጌልዎታለሁ» ይለኛል። እኩል አድርግልኝ ያለው ማነው? የፊቱን ከ28 ወደ 40 ማውጣት ቀላል ነገር አይደለም። መሪው ይንሳፈፋል። ኮብልስቶን ላይ ስገባ መንጋጋዬ ይንቀጫቀጫል። ጎማው መሬት የሚነካው በመሀሉ ብቻ ስለሚሆን መሀሉ ቀድሞ ያልቃል፣ በዛሬ የጎማ ዋጋ! በክረምት ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስትወርዱ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ የሚያስቆማችሁ ያ መሬት የነካው ክፍል ነው። ዝናብ ላይ እሱን መቀነስ በሕይወት መቀለድ ነው።

ደግሞ በዓይን መለካት የሚባል ነገር አለ። ራዲያል ጎማ (እንደ እኔው መጠኑ ላይ «አር» ያለበት) ንፋሱ ልክ ሆኖም ከታች ጎኑ ትንሽ ይነፋል፤ አሠራሩ ነው። ይህን ያየ ሁሉ ግን ሐኪም ይሆናል። የፓርኪንግ ልጅ፣ ረዳት፣ አጠገቤ የቆመ ባለታክሲ፣ ሁሉም «ጎማው ወርዷል!» ይላል። መለኪያ የያዘ ግን አንድም የለም።

ሌሎች ደግሞ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያነባሉ። እሱ ጎማው የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው እንጂ ለእኔ መኪና የታዘዘ ልክ አይደለም። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ በየትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም በምን ያውቃል?

ስለ ማደያ መለኪያማ ባላወራ ይሻላል። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ቀስቱ ባዶውን 5 ላይ የቆመ፣ ያንን አምነህ ሙላ ይሉሃል። የራሴን መለኪያ የምይዘው ለዚህ ነው። ሳወጣው ግን ፊታቸው ይቀየራል፣ ሌባ ያልኳቸው ይመስል። ደግሞ የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ። በትራፊክ ተንቀራፍፌ ስደርስ ጎማው ሞቆ 4 ፒኤስአይ ያህል ሊጨምር ይችላል። «በዝቷል» ብሎ የሚያስተነፍሰው ሰው በማግስቱ ጠዋት ጎድሎ ያገኘዋል።

መጉደሉ ደግሞ ከመብዛቱ የባሰ ነው። የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፤ ጭነት ይዞ በአዳማው የፍጥነት መንገድ ሲበር ሊፈነዳ ይችላል። ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ለመግባት ሆን ብለን ንፋስ እንቀንሳለን፣ ልክ ነው። አስፋልት ሲደረስ ግን በቀስታ ነድቶ የቅርቡ ቦታ ላይ ማስሞላት ግድ ነው።

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ሌላ መጠን ያለው ጎማ የገጠማችሁ ደግሞ የመጽሐፉ ቁጥር መነሻ ብቻ ነው። በጎማው ጥርስ ላይ በጠመኔ ከዳር እስከ ዳር አስምሩ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ንዱ፣ ወርዳችሁ እዩት። መሀሉ ብቻ ከጠፋ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። እኩል እስኪጠፋ አስተካክሉ።

ጎሚስታ ወንድሞቼ፣ ሥራችሁ ከባድ ነው፣ አከብራችኋለሁ። ግን ቁጥር ስነግራችሁ የነገርኳችሁን ሙሉልኝ። ቢፈነዳ ውስጧ ያለሁት እኔና ቤተሰቤ ነን። ማደያ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ ያንን መለኪያ አሠሩት።